በሽታው ሲያገረሽ የቀደመው ፈውስ ሐሰት ይሆናልን?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ይዞኝ በቀዶ ሕክምና፣ በኬሞና በጠበል ድኜ ነበር። ስለቴን አግብቼ በጉባኤ ፊት ቆሜ «እግዚአብሔር ፈወሰኝ» ብዬ መስክሬአለሁ። አሁን በሽታው አጥንቴ ላይ እንዳገረሸ ተነገረኝ። የመሰከርሁት ሐሰት ነበርን? ዘመዶቼ «እምነትሽ ቢጎድል ነው፤ ኬሞውን ትተሽ ጠበል ግቢ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ከሕመሙ ይልቅ ያ ምስክርነት እንደ ዕዳ ሆኖ እንዳስጨነቀሽ ከጥያቄሽ ስለ ተረዳሁ ከእርሱ እጀምራለሁ። የመሰከርሽው እውነት ነበር፤ ዛሬም እውነት ነው። ጌታችን በቢታንያ አልዓዛርን በአራተኛው ቀን ከመቃብር አስነሥቶታል፤ አልዓዛር ግን ኋላ እንደ ማንኛውም ሰው በሥጋ ሞቷል። ንጉሡ ሕዝቅያስም በእንባ ለምኖ ዐሥራ አምስት ዓመት ተጨመረለት እንጂ ሞት ጨርሶ አልቀረለትም። ኋላ መሞታቸው ቀድሞ የተደረገላቸውን ሐሰት እንዳላደረገው ሁሉ፣ ያስቀደስሽባቸውና ልጆችሽን ያቀፍሽባቸው እነዚያ አራት ዓመታትም ከእግዚአብሔር እጅ የተቀበልሻቸው ናቸው፤ በሽታው ስለ ተመለሰ ወደ ኋላ ሄዶ የሚሰርዛቸው ማንም የለም።

«እምነትሽ ቢጎድል ነው» የሚለውን ቃል ግን ከልብሽ አውጪው። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት በሕክምናው ያልጠፉና በምርመራ የማይታዩ ጥቂት ሕዋሳት ለዓመታት ተደብቀው ቆይተው እንደ ገና ሊያድጉ ይችላሉ፤ የጡት ካንሰርም ሲያገረሽ ብዙ ጊዜ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ አጥንት ነው። ይህ የሥጋችን ድካም እንጂ የእምነትሽ መለኪያ አይደለም። በጨርቁ ድውያን የተፈወሱለት ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። ባልንጀራው ጥሮፊሞስንም ታሞ በሚሊጢን ትቶት እንደ ሄደ ራሱ ጽፏል። የኢዮብም ወዳጆች መከራውን በኃጢአቱ ሲያመካኙ እግዚአብሔር የተቈጣው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው።

ኬሞውን ስለ መተው የምናገረውን በለሰለሰ ቃል ልናገረው አልችልም፤ መድኃኒታቸውን በሰው ምክር ያቋረጡ ምእመናን ቀብር ላይ ቆሜአለሁና። አትተዪው። ነቢዩ ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ የእግዚአብሔርን የፈውስ ቃል ካደረሰ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ አዝዟል፤ መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ተናግሮ፣ የታመመ ሰው እንዲጸልይም ለባለ መድኃኒት ስፍራ እንዲሰጥም አንድ ላይ ይመክራል። በአገራችንም የኤች አይ ቪ ሕሙማን በዚሁ ጥያቄ ሲጨነቁ፣ በ1999 ዓ.ም. በጊዜው ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ በይፋ አስተምረዋል። እንግዲህ ጠበሉንም አትተዪ፤ ነገር ግን ኬሞ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስና ሰውነትን በጀርም ለሚመጣ ሕመም ስለሚያጋልጥ፣ በብዛት ከመጠጣትሽና ሰው በተጨናነቀበት ስፍራ ከመጠመቅሽ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂ። በረከቱ በጠበሉ ብዛት አይለካም፤ ጥቂቷም ትበቃለች። ጾሙንም በሚመለከት ፍትሐ ነገሥት ለሕሙማን ስለሚያዝን፣ ከንስሓ አባትሽ ጋር ተነጋግረሽ ሐኪሙ ያዘዘልሽን ብዪ።

ትድኛለሽ ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሆኖም መፍራትሽን እንደ ክህደት አትቁጠሪው። ጌታችን በጌቴሴማኒ ወዙ እንደ ደም ነጠብጣብ እስኪወርድ ድረስ ተጨንቆ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኗል፤ ከዚያም ፈቃዱን ለአባቱ ሰጠ እንጂ ጭንቀቱን አልደበቀም። ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣሽና የምትጸልዪው ቃል ሲጠፋብሽ መዝሙር 6ን ያዢ፤ ዳዊት «ነፍሴም እጅግ ታወከች» ብሎ «እስከ መቼ» ሲል ዓረፍተ ነገሩን እንኳ ሳይጨርስ ይቆማል። እንዲህ ያለ ጸሎትም በእግዚአብሔር ፊት ጸሎት ነው። የንስሓ አባትሽን ጠርተሽ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈው ካህናት ለታመመ ሰው ጸልየው ዘይት የሚቀቡበት ጸሎተ ቀንዲል እንዲደረግልሽ ጠይቂ፤ ሰውነትሽ ሳይደክም ቅዱስ ቍርባንንም ተቀበዪ።

ስለ ጉባኤው ያለሽ ኀፍረት ይቀራል። ማገርሸቱን አትደብቂያቸው። ያን ቀን እልል ያሉልሽ ሰዎች ዛሬ ስለ አንቺ «ኪርያላይሶን» እንዲሉ ንገሪያቸው፤ ካህናቱም በቅዳሴ ስለ ድውያን በሚጸልዩበት ጊዜ እንዲያስቡሽ የክርስትና ስምሽን ስጫቸው።