ካቴናው ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ?

ጥያቄ፦ ጅማ መርካቶ ውስጥ ማሸጊያው ላይ «ሺማኖ» የሚል ባለ 7 ማርሽ የሳይክል ካቴና ገዛሁ። ሁለት ወር ሳይሞላው ዳገት ላይ ጠንከር አድርጌ ስረግጥ መዝለል ጀመረ። ሻጩ ግን ኦሪጅናል ነው ብሎኝ ነበር። በምን ልለየው? የኋላ ማርሽ መቀየሪያዬም «በማሌዥያ የተሠራ» ይላል፤ ሺማኖ የጃፓን አይደለም እንዴ?
(አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ማሸጊያውን አይመኑት። ካርቶንና ጽሑፍ መኮረጅ ቀላል ነው፤ ከባዱ ብረቱን ማጠንከርና ልኩን መጠበቅ ነው። ስለዚህ ይለኩ። ካቴናውን ወጠር አድርገው ማስመሪያውን ከአንድ ፒን (መታጠፊያውን ከሚያያይዘው ትንሽ ብረት) መሀል ያስነሡ፤ መነሻውን ሳይጨምሩ እስከ 24ኛው ፒን መሀል ይቁጠሩ። አዲስ ካቴና እዚህ ላይ 304.8 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 30 ሳንቲም ከ5 ሚሊ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ከ306 ካለፈ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል፤ 307 ከገባ የማርሹን ጥርስም እየበላ ነው። ከሱቅ ሲወጣ ጀምሮ 306 የሆነ «አዲስ» ካቴና ደግሞ ወይ ፎርጅድ ነው፣ ወይ ታጥቦ የተሸጠ አሮጌ።

ካቴና «ረዘመ» ሲባል ብረቱ ተለጥጦ አይደለም። እያንዳንዱ ፒን መታጠፊያው ላይ ሲበላ የምትፈጠረው ትንሽ ክፍተት ተደማምራ ነው። የፎርጅዱ ፒን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበላል፤ ካቴናው ከጥርሱ ሥር መቀመጡ ቀርቶ ወደ ጫፉ ይወጣል፣ ሲረግጡት ይዘላል።

ሻጩን ከመውቀስዎ በፊት ግን ክረምቱን ያስቡ። የጅማ ቀይ ጭቃ ካልተጠረገ ካቴና ላይ ዘይት ሲጨመርበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል፤ ኦሪጅናሉንም ይጨርሰዋል። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ከዚያ በየመታጠፊያው አንድ ጠብታ ይበቃል። ካቴናው ከገጠሙበት ቀን ጀምሮ የሚዘል ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ያረጀው የኋላ ጥርስ ነበር።

ሲገዙ ካቴናውን ከማሸጊያው ያስወጡና መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ በጣት ያጥፉ፤ የሚንቀረፈፍ ካለ ይመልሱት። ፊደሉ ብረቱ ውስጥ ተጨፍልቆ የገባ መሆን አለበት፤ በጥፍር ሲፍቁት የሚለቅ ቀለም ከሆነ ይተዉት። የፒኖቹ ጫፍ እኩል ይሁን። ለ6፣ ለ7 እና ለ8 ማርሽ የሚሆነው ካቴና ከፒን ጫፍ እስከ ፒን ጫፍ 7.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ማርሽ ለሌለው ሳይክል የተሠራው ግን ሰፋ ያለ ነው፤ ተሳስቶ ቢሸጥልዎት ፎርጅድ ሳይሆን የሌላ ሳይክል ነው። በእኛ እምነት የታወቀ ስም ከተለጠፈበት ፎርጅድ ይልቅ ስም የሌለው፣ ልኩ ትክክል የሆነ ርካሽ ካቴና ይሻላል።

«ማሌዥያ» የሚለው አያስደንግጥዎ። ሺማኖ ዋና መሥሪያ ቤቱ በጃፓን ኦሳካ፣ ሳካይ ከተማ ቢሆንም በሲንጋፖር፣ በማሌዥያና በቻይናም ያመርታል። ይልቅ ከመቀየሪያው ጀርባ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ያስተያዩ። ሁለት የላቲን ፊደላት ለብቻቸው ካገኙ የምርት ዘመን ናቸው፦ የመጀመሪያው ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ያሳያል። ወር 12 ስለሆነ ሁለተኛው ፊደል ከ«ኤ» እስከ «ኤል» ካሉት ውጭ ከሆነ ይጠርጥሩ።

ያልጠየቁንን አንድ ነገር እንጨምር፦ የፍሬን ሽቦ። ፎርጅዱ ላይ ጫፉ ላይ ያለችው የብረት ራስ ከሽቦው ትነቀላለች፤ የምትነቀለውም አጥብቀው ሲይዙ፣ ማለትም ቁልቁለት ላይ ነው። ስለዚህ ገጥመው ሳይነዱ፣ እንደቆሙ የፍሬኑን እጀታ ባለ በሌለ ኃይልዎ አሥር ጊዜ ይጭመቁ።