ፍልስፍና ለባለሱቅ ምን ይፈይዳል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አካባቢ የድሪያና የሽርጥ ሱቅ አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፍልስፍና ትምህርት ክፍል ሲደርሰው ቤተሰባችን «በዚህ ምን ሊበላበት ነው?» ብሎ አዘነ። እርሱ ግን ለዕረፍት በመጣ ቁጥር «እትዬ፣ ይህ ትምህርት ከእኔ ይልቅ ለአንቺ ይጠቅማል» ይለኛል። የእኔ ውሎ በዋጋ መከራከር፣ ዱቤ መሰብሰብና ልጆች ማሳደግ ነው። በዚያ ላይ ስንት ዓመት ቡና አብረን የጠጣን የጎን ባለሱቅ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሰላምታ ነሥታኛለች፤ ንቃኛለች እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እንዲህ ላለ ኑሮ ፍልስፍና ምን ይጨምርልኛል? ደግሞስ ከሃይማኖቴ አያጋጨኝም ወይ?
የቀፊራ ባለሱቅ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ በአማርኛችን ሰው ነገር ሲያወሳስብብን «አትፈላሰፍብኝ» እንላለን፤ ስለዚህ ቤተሰብዎ ማዘኑ አያስወቅሰውም። ቃሉ ግን በግሪክኛ «የጥበብ ፍቅር» ማለት ሲሆን፣ በ399 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በአቴና የሞት ፍርድ የተፈጸመበት ሶቅራጥስም ሥራውን የሠራው በአደባባይና በገበያ እየተዘዋወረ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ «የተናገርከው ቃል ምን ማለት ነው?» እያለ በመጠየቅ ነበር። ከባለሱቅ ደጃፍ የተነሣ ትምህርት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኔም «ንቃኛለች» ከሚለው ቃልዎ ልነሣ። በደብዳቤዎ ውስጥ ያዩትና የደመደሙት ነገር ተቀላቅለዋል። ያዩት ጎረቤትዎ ሰላም ሳትልዎት ማለፏን ነው፤ ንቀቱን ግን አላዩትም፣ ከዝምታዋ ያወጡት እርስዎ ነዎት። በሮም ባሪያ ሆኖ የኖረውና ነፃ ከወጣ በኋላ መምህር የሆነው ኤፒክቴተስ፣ ሰውን የሚያውከው የደረሰበት ነገር ሳይሆን ስለደረሰበት ነገር የሚሰጠው ፍርድ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። (እርሱ ራሱ ምንም አልጻፈም፤ ትምህርቱን ያቆየልን ደቀ መዝሙሩ አርያን ነው።) ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ክብደቱ የሚታወቀው እኛ እኩለ ሌሊት ላይ ስንገላበጥ፣ እንቅልፍ የነሣችን ጎረቤት ተኝታ እንደምታንኮራፋ ትዝ ሲለን ነው።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ጉባኤም አለ። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ ንባቡን አንድ ጊዜ ከፈታ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍች ያመጣል፣ እንደገና «አንድም» ይላል፤ ቃሉ ሊይዝ የሚችለውን ምሥጢር ሳይመረምር አይዘጋውም። የጎረቤትዎን ዝምታም እንዲሁ ይፍቱት። ንቃኝ ይሆናል። አንድም ደንበኛዋን ጠርቼባት፣ ሳላውቅ አስቀይሜያት ይሆናል። አንድም ቤቷ በሽተኛ ተኝቶባት ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው። አንድም እኔ ሰላም ሳልላት ያለፍኩበት ቀን ነበረና እርሷም ስለእኔ ይህንኑ እያሰበች ነው። አራቱም ፍች ከአንዱ ዝምታ ይወጣል፤ የትኛው እውነት እንደሆነ ከእርሷ በቀር የሚነግርዎ የለም።

ይህን ልማድ ለማድረግ ከዱቤ ደብተርዎ አጠገብ ሌላ ደብተር ያኑሩ። ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ሱቋን ዘግታ ሙቀቱ እስኪበርድ በምታርፍበት ሰዓት፣ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍለው በስተግራ «ያየሁት»፣ በስተቀኝ «የገመትኩት» ብለው ይጻፉ። ሴትየዋ ሦስት ጊዜ ዋጋ ጠይቃ ሳትገዛ መሄዷ በስተግራ ይገባል፤ ልታላግጥብኝ ነው የመጣችው ማለትዎ በስተቀኝ። እኔ ይህን የጀመርኩ ሰሞን የቀኙ ዓምድ በሁለት ቀን ሲሞላ በግራው የተጻፈው ሦስት መስመር ብቻ ነበር፤ ያፈርኩበት ያ ገጽ አሁንም አለኝ።

ኤፒክቴተስ በእጃችን ያለውን ከሌለው መለየትንም የትምህርቱ መግቢያ ያደርገዋል። ይህን «የመጣውን ሁሉ ተቀበል» ብለው የሚተረጉሙ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ አልስማማም። የከተማዎን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። ከተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ በማንም እጅ አልነበረም። በወንዙ ዳር ቤት መሥራት አለመሥራት፣ ሰውን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ፣ ዳርቻውን በግንብ ማጠር ግን በሰው እጅ ያለ ነው። በእርስዎም ሱቅ ጨርቁ ከጅቡቲ በስንት እንደሚገባ የሚወስኑት እርስዎ አይደሉም፤ ለማን ዱቤ እንደሚሰጡ ግን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ ሐሳብዎንም ወደዚህኛው ቢያዞሩት ይሻላል።

ሃይማኖትዎ የትኛው እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ለመልሱም አያስፈልገኝም። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀውና ደራሲነቱ እስካሁን ምሁራንን የሚያከራክረው «ሐተታ» የተባለው መጽሐፍ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከስደት ሸሽቶ በዋሻ የተቀመጠ ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው ዳዊቱን እየደገመ፣ ለመሆኑ ጸሎቴን የሚሰማ አለን ብሎ ይጠይቃል፤ መርምሮም ፈጣሪ አለ ከሚል መልስ ይደርሳል። በእስልምናውም በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም አል ገዛሊ የፈላስፎችን ድምዳሜዎች አጥብቀው ቢነቅፉም የአመክንዮን (የሎጂክን) ትምህርት አልጣሉትም፤ እንዲያውም ስለ ሸሪዓ ሕግ መሠረቶች በጻፉት መጽሐፍ መግቢያ ላይ አስቀምጠውታል። ፍልስፍና እምነትዎን ፈጽሞ አይነካም ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ሳይጠይቁ በልማድ ብቻ የያዙትን ነገር ይነካካዋል፣ አንዳንዱንም ያስጥላል።

ፍልስፍና ሽርጥ አይሸጥልዎትም፤ እንቅልፍ ማጣቱም ከቀጠለ የሚሄዱት ወደ ሐኪም ነው። የዩኒቨርሲቲውን ትምህርት በሙሉ መከታተልም አይጠበቅብዎትም። ወንድምዎ በክረምቱ ሲመለስ በሳምንት አንድ ገጽ ብቻ ያንብብልዎ፤ ያልገባዎትን ቃል ሳያሳልፉ በገበያ ቋንቋ እንዲያስረዳዎ ይያዙት። ካቃተው እርሱም ደግሞ ሊያነበው ይገባል። ለጎረቤትዎ ግን እስከ ክረምት አይጠብቁ፤ ነገ ጠዋት ሱቅዎን ሲከፍቱ ቀድመው ሰላም ይበሏትና ምን እንደሆነች ይጠይቋት።