ውሃው በየት በኩል ይወርዳል?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከአርክቴክቸር ተማሪዎችና ከወላጆቻቸው የመጡ ናቸው። የረዘሙትን አሳጥሬ፣ ስድቡን አውጥቼ አቅርቤያቸዋለሁ።

ሥዕል ብዙም አልችልም። አርክቴክቸር ብመርጥ ይቆጨኝ ይሆን?

አይቆጭህም። ያሰብከውን ሌላ ሰው እንዲገባው አድርገህ ወረቀት ላይ መሞነጫጨር ይበቃል፤ እሱም ይለመዳል።

ከንድፍ ሶፍትዌሮቹ ከአውቶካድ፣ ከሬቪትና ከስኬችአፕ የትኛውን ልማር?

ትምህርት ክፍልህ የሚያስተምርህን። ቀጥሎ ልትቀጠርበት የምትፈልገው ቢሮ የሚሠራበትን። ይህን ጥያቄ ደግሞ እባካችሁ ለተወሰነ ጊዜ እንኳ አሳርፉኝ።

በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀች አንባቢ የመመረቂያ ፕሮጀክቷን ጁሪው (የገምጋሚዎቹ ቡድን) አድንቆላት ነበር። ለሥራ ፈተና የሄደችበት ቢሮ ግን ባዶ ወረቀት ሰጥቶ «የዚሁ ሕንፃሽ ጣሪያ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በ1፡10፣ ማለትም አሥር ጊዜ አሳንሰሽ፣ ሥሪልን» ሲላት እጇ ተሳሰረ። ተመራቂ ሊኖረው የሚገባውን ብቃት የሚዘረዝረው የትምህርት ክፍሏ የምሩቃን መገለጫ «ስትራክቸርንና ቁሳቁስን ከንድፍ ጋር የማዋሃድ ብቃት» ይላል። ጥፋቱ የማን ነው? ትላለች።

አብዛኛው የትምህርት ክፍሉ፣ ጥቂቱ ያንቺ።

የምሩቃን መገለጫ ለተማሪው የተገባ ቃል ነው። መፈጸም አለመፈጸሙ የሚታየው በተማሪው ሥራ ላይ ነው እንጂ በሰነዱ ላይ አይደለም። በብዙ ስቱዲዮ (የንድፍ ትምህርት) ግን ነጥብ የሚሰጠው በመጨረሻው ቀን ግድግዳ ላይ ለተለጠፈው ነው። ሬንደሩ፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠራው የሕንፃው ምስል፣ ላይ ሰማዩ ያምራል፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ሰዎቹ ሁሉ ቀጫጭን ናቸው። ወደ ሴክሽኑ፣ ሕንፃው ተቆርጦ ውስጡ ወደሚታይበት ሥዕል፣ ጠጋ ስትሉ ጣሪያውና ግድግዳው በአንድ ጥቁር ቀለም ተሞልተው ተዋህደዋል። ጣሪያውን የሚሸከመው አግዳሚ ቢም የት እንዳረፈ አይታይም፤ ውሃ የሚከላከል ንብርብር የለም፤ መውረጃ ቱቦም የለም። ጠፍጣፋ የምንለው ጣሪያ እንኳ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከጁሪው አንዱ «ውሃው በየት በኩል ይወርዳል?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ፕላኑ በሙሉ ይነቃነቅ ነበር። ለቱቦው ቦታ ይፈለግለታል፣ ያ ቀጭን የጣሪያ ጠርዝም መወፈሩ አይቀርም። ዲቴይል፣ ማለትም የሕንፃው ክፍሎች እንዴት እንደሚገናኙ በዝርዝር ማሳየት፣ ከንድፍ በኋላ የሚመጣ የቴክኒሻን ሥራ ነው የሚሉ መምህራን አሉ። እኔ ንድፉ ራሱ ነው ባይ ነኝ።

አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ያለውን የጋንዶ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲያስገነባ ገና በርሊን ተማሪ ነበር። የሕንፃው ብልሃት ጣሪያው ላይ ነው፤ ቆርቆሮው ከሸክላው ኮርኒስ ተነጥሎ በቀጫጭን ብረቶች ላይ ከፍ ብሏል፣ በመካከሉ የሚያልፈው ነፋስ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፣ ወደ ውጭ የረዘመው ጠርዝ ደግሞ የአፈር ጡቡን ግድግዳ ከዝናብ ይከልላል። ታላቁ የአርክቴክቸር ሽልማት ፕሪትዝከር እ.ኤ.አ. በ2022 ደርሶታል። ከዚያ ሕንፃ ላይ ዲቴይሉን ብታነሺ የሚቀር ቅርጽ የለም።

አሁን ያንቺ ድርሻ። ያንኑ ፕሮጀክት አውጪና ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ጫፍ አንድ የግድግዳ ሴክሽን በ1፡20 ሥሪ። የማታውቂውን ቦታ በጥቁር ሞልተሽ አታልፊው፤ ባዶ ተዪው። ከዚያ ሳይት ለሚውል ፎርማን አሳዪው፤ ከብዙ ፕሮፌሰር በተሻለ ያርምሻል። የታረመውን ከነስርዝ ድልዙ ፖርትፎሊዮሽ ውስጥ አስገቢው። የትምህርት ክፍሎችም በትምህርት ዓላማቸው ውስጥ «ተማሪው ይገነዘባል» የሚለውን ግስ ቢተዉት ምናለ? መገንዘቡን በምን ትለኩታላችሁ? «የግድግዳ ሴክሽን ሠርቶ የእያንዳንዱን ንብርብር ጥቅም በቃሉ ያስረዳል» ቢባል ግን ይለካል።

አንዲት እናት ልጃቸው አምስት ዓመት ተምሮ «ገና በሕንፃ ንድፍ ላይ መፈረም አትችልም» መባሉን ማጭበርበር ይሉታል።

አይደለም፣ እናቴ። የዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የአርክቴክቶች ኅብረት ቻርተር ራሱ ቢያንስ የአምስት ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት ይጠይቃል፤ በብዙ አገሮች ከዚያ በኋላ በባለሙያ ሥር የሚሠራ ልምምድና የፈቃድ ፈተና ይከተላል። ለቀረው የሙያ ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ።

ለማስረከቢያ ስል ሌሊቱን አልተኛም። ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጓደኞቼ «ስቱዲዮ እንዲህ ነው» ይሉኛል።

ስቱዲዮ እንዲህ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ካስረከብክ በኋላ ሳይሆን ዛሬ። ምን ያህል ቡናና የኃይል መጠጥ እንደምትጠጣ አትደብቀው። እስከዚያ ያንን የሞዴል መቁረጫ ምላጭ ከእጅህ አኑር፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ ካርቶን አይቆረጥም። ለመምህርህም በጽሑፍ አሳውቅ። ይህን ምክር እንደ ወግ አትየው፤ አጥብቄ ነው የምልህ።

የመወጣጫ ደረጃን ስሌት ሶፍትዌሩ እየሠራልን ለምን እንማራለን?

ሲሳሳት እንድታውቁበት። የአንዱ እርከን ከፍታ እጥፍና የመርገጫው ስፋት ሲደመሩ ከ60 እስከ 64 ሴንቲ ሜትር መሆን አለባቸው፤ ከፍታው 17፣ መርገጫው 29 ቢሆን 63 ይመጣል።