ኢሉባቦር፣ ያዩ ጫካ ዳር ከሰል ሊቆፈር ነው ብለሽ ለጠየቅሽው፦ መጀመሪያ ምንጫችሁን ለኩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ቀበሌ መሰለኝ፤ እኛም ጋ ከሰል በዋሻ ይወጣል። ከአባትሽ የቡና ማሳ ስር የድንጋይ ከሰል በዋሻ ሊወጣ ነው፣ አማካሪዎች ለአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ስብሰባ ጠርተዋል፣ «ሄደን እንፈርም ወይስ እንቅር?» ነው ያልሽው። ሂዱ። የቀረ ሰው ተስማማ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ግን ከስብሰባው በፊት አንድ ሥራ አለባችሁ። እኛ እሱን ሳንሠራ ቀርተን ይኸው ዛሬ የቦኖ ውሃ ጠባቂ ሆነናል።

1. ምንጫችሁን ለኩ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ምንጩ አፍ ላይ ደቅኑ፣ በስንት ሴኮንድ እንደሞላ በስልክ ያዙ፣ ከነቀኑ ጻፉና የቀበሌ ሰው ይፈርምበት። በየወሩ፣ በተለይ ጥርና የካቲት።

ለምን ጥርና የካቲት? የእኛ አጥኚዎች የመጡት ነሐሴ ላይ ነበር። ነሐሴ ላይ እኛ አገር የከብት ኮቴ ያረፈበት ሁሉ ውሃ ቋጥሮ ያድራል። ሁለት ልጆች ቦት ጫማ አድርገው መጡ፣ ምንጩን ፎቶ አነሱ፣ ሄዱ። ካሜራው እንዳይረጥብ ጃንጥላ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሪፖርቱ ላይ «ዓመቱን ሙሉ በቂ ፍሰት ያለው ምንጭ» ተብሎ ተጻፈ። አንድ ቁጥር እንኳ የለውም።

ዋሻው ከምንጩ በታች ሲወርድ የሆነው ግልጽ ነው። ውሃ ዝቅ ወዳለው ይሄዳል፤ ተራራው ሆዱ ውስጥ ያጠራቀመው ሁሉ ወደ ዋሻው ገባ፣ እነሱ ደግሞ ቀን ከሌት በፓምፕ እየሳቡ ወንዝ ላይ ይደፉታል። በሁለተኛው ዓመት የካቲት ላይ እናቴ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ከንጋት እስከ ረፋድ ወረፋ ጠበቀች። አቤት ስንል «ዝናብ አንሶ ነው። ለመሆኑ ድሮ ስንት ነበር?» አሉን። ድሮ ስንት ነበር! «ብዙ ነበር» ከማለት በቀር ምን በእጃችን አለ? ሃያ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው፣ ተማሪዎቼን በየሳምንቱ ፍጥነት እያስለካሁ የገዛ ቤቴን ውሃ አልለካሁም።

2. ሙሉውን ሪፖርት ጠይቁ፤ ስብሰባ ላይ የሚነበበው ሁለት ገጽ አይጠቅማችሁም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አንቀጽ 15 ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። እኔም ይህንኑ ብዬ አንድ ቢሮ ሄድኩ፤ የቱ እንደሆነ ይቅር። ኃላፊው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «የኩባንያ ሚስጥር ነው። አንተ ጂኦሎጂስት ነህ?» አለኝ። መምህር ነኝ አልኩት። «እንግዲያው ሂድና አስተምር።» ሦስት ጊዜ እንዲህ መለሰኝ። በአራተኛው ደብዳቤ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገባሁና ቀሪው ላይ ማህተም አስመታሁ። ያኔ «መምህር፣ ይቀመጡ» ተባልኩ። በቃል ምንም አትጠይቂ።

ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ከቀድሞ ተማሪዬ ጋር ቁጭ ብለን ሦስት ቀን አነበብነው። የቀበሌያችን ዋነኛ ሰብል ገብስ፣ ዛፉም ባህር ዛፍ ነው ይላል። እኛ እኮ ቡናና እንሰት ነን! የሌላ ደጋ ጥናት ገልብጠው የቀበሌውን ስም ብቻ ቀይረዋል። በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት በዚያው አዋጅ አንቀጽ 17 መሠረት ቅሬታ አስገባሁ። ሕጉ በ30 ቀን ውስጥ ይወሰን ይላል፤ ለእኛ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ቢሆንም ኩባንያው ቦኖ እንዲሠራ፣ ምንጩም በየወሩ እኛ ባለንበት እንዲለካ ተወሰነ። ጂኦሎጂስት ሳልሆን ያስወሰንኩት ነው። ውሃው ግን ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው የሚመጣው።

እናንተ ከእኛ የተሻለ መያዣ አላችሁ። ያዩን ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው ለጫካ ቡናው ነው። ሪፖርቱ ስለዚያ ቡና ምን እንደሚል ገጽ ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

3. ዋሻው በማን ቤት ስር እንደሚያልፍ በካርታ ያሳዩአችሁ። እኛ ጋ ካሳ ያገኘው የዋሻው አፍ የተከፈተበት መሬት ባለቤት ብቻ ነው። ከላይ ያለነው «መሬታችሁ አልተነካም» ተባልን። የጎረቤቴ የቡና መጋዘን ወለል ግን ተሰንጥቆ እጄን እስከ አንጓዬ ያስገባል። ከሰሉ ውስጥ ድኝ ስንት እንደሆነም ጠይቁ። ፓይራይት የሚሉት ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ያወጣል። እኛ የዘገየነው ወንዙ ውስጥ ያሉት ድንጋዮች የዛገ ቆርቆሮ እስኪመስሉ ስለጠበቅን ነው።

4. ፊርማ ላልሽው፦ ርዕስ የሌለው የስም ዝርዝር ላይ አትፈርሙ። እኛ ለሻይና ዳቦው የፈረምንበት ወረቀት ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «የኅብረተሰቡ ስምምነት» ሆኖ ተገኘ። አባትሽ ከስማቸው ጎን «ተገኝቻለሁ፣ አልተስማማሁም» ብለው በእጃቸው ይጻፉ። የቃለ ጉባኤውንም ገጽ ሁሉ ፎቶ አንሺ።

ልማት ጠል ነው የሚለኝ እንዳይኖር፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ ከሰል እንደሚፈልግ፣ ከደቡብ አፍሪካ በዶላር ሲገባ እንደኖረም አውቃለሁ። እናቴ ግን ዶላር አትጠጣም።

ስትለኩ በአንድ ጀሪካን ብቻ ለኩ። እኛ ዘግይተን ስንጀምር አንዱን ወር በቢጫው፣ አንዱን ወር አፉ በተቆረጠው ሰማያዊ ለክተን፣ የኩባንያው ሰው ይቺኑ አንስቶ ግማሹን መዝገብ ውድቅ አስደረገብን።