ሞዴሉ 19 ዲግሪ፣ ጣቢያው 15 ዲግሪ፦ ማን ተሳሳተ?

ወንድሜ፣ ከኢአርኤ 5 (ያለፈውን የአየር ሁኔታ በኮምፒውተር ሞዴል አስልቶ ከሚያቀርበው የአውሮፓ የመረጃ ስብስብ) ያወረድከው የሙቀት መጠን ከጣቢያህ ልኬት በአራት ዲግሪ በልጦ «የትኛውን ልመን?» ብለሃል። ጣቢያህ ተራራማ ቦታ ላይ እንደሆነ እገምታለሁ፤ የእኔም እንደዚያ ነበር።

1. መጀመሪያ ከፍታውን አመሳክር። ኢአርኤ 5 ምድርን የሚያያት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ክፍሎች ነው፤ በአንዱ ክፍል ውስጥ ያለው ተራራና ሸለቆ ሁሉ ተደባልቆ አንድ ከፍታ ይሰጠዋል። ጣቢያህ 2,400 ሜትር ላይ ቆሞ የሞዴሉ መሬት 1,800 ሜትር ከሆነ፣ ወደ ላይ በወጣህ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል በሚለው የተለመደ ስሌት ልዩነቱ 3.9 ይመጣል። አራቱ ዲግሪህ ተገኘ ማለት ነው። የሞዴሉን ከፍታ ለማወቅ ጂኦፖቴንሻል የሚባለውን ፋይል (ከፍታው በመሬት ስበት ተባዝቶ የተቀመጠበትን) አውርደህ ለ9.80665 አካፍል። ይህንን የነገረኝ ሰው የለም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። በጠራ ሌሊት ግን ቀዝቃዛ አየር ሸለቆ ውስጥ ስለሚተኛ ስሌቱ ሊገለበጥ ይችላል።

2. የኢአርኤ 5 ሰዓት በግሪንዊች ነው፤ ዝናቡም በሜትር እንጂ በሚሊ ሜትር አይደለም።

3. «የጣቢያ መረጃ» የተባለው በእርግጥ የጣቢያ መሆኑን አረጋግጥ። እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው። ለጥናቴ ከአንድ መሥሪያ ቤት የጣቢያ ልኬት በገንዘብ ገዛሁ፤ ደብዳቤ አምጣ፣ ማኅተም ይጎድላል፣ ነገ ተመለስ ከተባልኩ በኋላ። ፋይሉ ሲከፈት አንድም ባዶ ቀን የለበትም። የትኛው ጣቢያ ነው ለዓመታት ባትሪው የማያልቅበት፣ ጠባቂው የማይታመምበት? የዝናብ መለኪያው በ0.2 ሚሊ ሜትር እየዘለለ የሚቆጥር ሆኖ ሳለ ፋይሉ ላይ 0.037 ተጽፏል። በክረምቱ በየቀኑ ማለት ይቻላል ያካፋል፣ ዶፍ የሚባል ግን የለም፤ ይህ ደግሞ በሰፊ ቦታ ላይ በአማካይ የተሰላ ዝናብ ጠባይ ነው። ጠርጥሬ ኢአርኤ 5ን አወረድኩ፣ ሙቀቱን ወደ ሴልሺየስ ለመቀየር ከኬልቪኑ 273.15 ቀነስኩ፣ ቁጥሮቹ ከነነጥባቸው ገጠሙ። በነጻ የሚገኘውን ሸጠውልኛል! ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ኮምፒውተሩ ያወጣውን ነው የሰጠንህ» አለችኝ። ገንዘቤም አልተመለሰ።

ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄጄ የእጅ መዝገቡን ገልብጬ ወሰድኩ። ጎርፍ ያስከተለው ዝናብ በጠባቂው እጅ በግልጽ ሰፍሯል፤ በተሸጠልኝ ፋይል ላይ ያው ቀን ካፊያ ነው። ጥናቱ ያለፈው በዚያ መዝገብ ነው፣ ገምጋሚዎቹም ስለ መረጃው ጥራት አንድ ጥያቄ አላነሡም።

ጣቢያም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ነፋስ ሲበረታ ጠብታው መለኪያውን እየሳተ ያልፋል፤ ጣሪያ ወይም አስፋልት ላይ የተተከለ ቴርሞሜትርም የአየሩን ሳይሆን የቆመበትን ሙቀት ይነግርሃል። ስለዚህ የጣቢያህን ከፍታና የተተከለበትን ቦታ ፎቶግራፍ እዚህ አስቀምጥ፣ ቀሪውን አብረን እናሰላዋለን።