ጣና ስንት ነው? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ባሕር ዳርና ስለ ጣና ኢንተርኔት ላይ የምትጽፉ ልጆች ሰሞኑን ጥያቄ አብዝታችሁብኛል። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጣና ስፋት አንዱ ጋ 3,000፣ ሌላው ጋ 3,600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይላል። የቱን ልጻፍ?

መልስ፦ ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ። ጣና ክረምቱ ሲወጣ ይሞላል፣ ግንቦት ላይ ይሸሻል። ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ስለማያልፍ ውኃው ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ዳር ዳሩን ብዙ መሬት ይውጣል፤ በክረምት በፎገራ በኩል ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ማን፣ መቼ እንደለካው አብረህ ጻፍ። ካላገኘህ «ከ3,000 እስከ 3,600» በል። እኔን የሚያስፈራኝ ምንጭ ሳይኖረው እስከ አንዲት ቁጥር ጥንቅቅ ብሎ የተጻፈው ነው።

ጥያቄ፦ እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2011 ነው ብዬ ብጽፍ ጓደኛዬ ተሳሳትሽ አለኝ።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ከሆነ ልክ ነሽ። ሦስቷን ፊደል ከዘለልሻት ግን አንባቢው በኛ ይቆጥርና አረሙ ሰባት ዓመት ዘግይቶ የመጣ ይመስለዋል። የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ እንኳ በአማርኛ 1185/2012፣ በእንግሊዝኛ 1185/2020 ነው፤ ሁለት አዋጅ መስሏቸው የተከራከሩ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ተሳስቼ ብጽፍ ዝም ብዬ ላጥፋው?

መልስ፦ የፊደል ግድፈት ከሆነ አርመህ እለፍ። ሌላው ግን አይጠፋም። አንዴ በቴሌግራም የደረሰኝን ፎቶ «እምቦጭ የዋጠው የዘጌ ዳርቻ» ብዬ ለጠፍኩት። ወደቡ ጋ ላገኘሁት ታንኳ ቀዛፊ በኩራት አሳየሁት። ስልኬን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ትንሽ ቆየና «ጋሼ፣ ይቺ ታንኳ እኮ ከግንድ የተፈለፈለች ናት» አለኝ። የኛ ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ቄጠማ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው የኖርኩት ነገር ነው። ቤት ገብቼ ፎቶውን ጎግል ላይ ብፈልገው የሌላ አገር ሐይቅ ሆኖ አረፈው። ልሰርዘው እጄን ሰደድኩና ተውኩት፤ ምክንያቱም እኔ ብሰርዘውም ያጋሩት ሰዎች ጋ ውሸቱ እንዳለ ይቀራል፣ ማረሚያውን የሚያይበት ቦታ ደግሞ ማንም አያገኝም። ፎቶውን አንስቼ ከጽሑፉ አናት ላይ «እዚህ የነበረው ፎቶ የጣና አይደለም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብዬ ከነቀኑ አስቀመጥኩ። ሁለት ቀን ተሳቀብኝ።

ጥያቄ፦ አንድ ሆቴል ዓሣ ጋብዞኝ ስለ እሱ ልጽፍ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ ብላ። ግን የተጋበዝክ መሆኑን የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጻፈው፣ መጨረሻ ላይ ማንም አያነበውም። ሆቴሉ ይህን አትጻፍ ካለህ ሂሳብህን ከፍለህ ውጣ።