ለደማ ድድ እረፍት አይሰጥም

ሰሞኑን ከመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ድድ ናቸው። የቀሩትን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ በእነዚህ ልጀምር።

«ጠንካራ ብሩሽ ይሻላል ወይስ ለስላሳ?»

ለስላሳ። የሚቦረሸው ጥርስ ነው፣ ያረረ ድስት አይደለም።

አንዲት አንባቢ ስትቦርሽ በግራ በኩል ድዷ እየደማ አስቸገራት። «ትንሽ ይረፍ ብዬ» ሁለት ወር ሙሉ ያንን ጎን ሳትነካው ከረመች። አሁን ጭራሽ ብሶበታል፤ ጠረኑም አሳፍሯታል።

እህቴ፣ ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ጸሐፊው ይለያያል እንጂ ታሪኩ አንድ ነው። ድድሽን ያደማው ብሩሹ አይደለም። ጥርስና ድድ የሚገናኙበትን መስመር በጥፍርሽ ጫፍ ፋቅ ብታደርጊው ነጣ ያለ፣ ለስላሳ ነገር ይወጣል። የባክቴሪያ ክምችት ነው። ድዱ በእሱ ይቆጣል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። አንቺ ደግሞ «ይረፍ» ብለሽ ለባክቴሪያው ቤቱን ለቀቅሽለት።

በ1965 እ.ኤ.አ. ሃራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ዴንማርክ ውስጥ የሠራውን አንድ ሙከራ አሳትሞ ነበር። ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። እኔን ደስ የሚለኝ ቀጥሎ የሆነው ነው፦ ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ድዳቸው ወደ ጤናው ተመለሰ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጀምሪ። የብሩሹን ጸጉር ወደ ድዱ አዘንብለሽ፣ በትንንሽ እንቅስቃሴ፣ ሳትጫኚ። ሁለት ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ። በጥርሶችሽ መሃል ደግሞ የጥርስ ማጽጃ ክር አሳልፊ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይደማል፤ አትደንግጪ፣ አታቁሚ። ግን ሁለት ወር ቀላል ጊዜ አይደለም። ክምችቱ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ከሆነ ብሩሽ አያነሳውም፤ የጥርስ ሐኪም በመሣሪያ ነው የሚያወርደው። እየቦረሽሽ ቀጠሮም ያዢ።

«የተረፈ አሞክሳሲሊን አለኝ፣ ልዋጠው?»

አይሆንም። ጥርስ ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ ተፍቆ ይወርዳል እንጂ በኪኒን አይሟሟም።

«በጨው ውሃ መጉመጥመጥስ?»

ያስታግሳል። አያድንም።

አንድ አባት 25 ዓመት አጭሰዋል። «ድዴ አንድ ቀን ደምቶ አያውቅም፣ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያስፈራራው» ይላሉ። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ በደብዳቤው መጨረሻ፣ «የፊት ጥርሶቼ ግን ረዘሙ ልበል?» ብለው ጨምረዋል።

ጌታዬ፣ በእርስዎ ዕድሜ ጥርስ አያድግም። ድዱ ነው የሸሸው። አለመድማቱም እፎይ አያስብልም፤ ኒኮቲን የድድን የደም ሥር ስለሚያጠብ የአጫሽ ድድ ውስጥ ውስጡን እየታመመ ከላይ ደህና ሊመስል ይችላል። የድድ መቆጣት በጊዜ ከተያዘ ይድናል። ጥርሱን የያዘው አጥንት መበላት ከጀመረ ግን የሄደው አጥንት በራሱ አይመለስም፣ የሚቻለው በአመዛኙ ባለበት ማስቆም ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም አያምም። ሐኪሙ ቀጭን መለኪያ በጥርስና በድድ መሃል ያስገባል። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከገባ ደህና ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ነገር አለ። እባክዎ በዚህ ሳምንት ይለኩ። ሲጋራውንም ያስቡበት፤ እያጨሱ ሕክምናው በደንብ አይሠራም።

«ጥርሴን ካሳጠብኩ በኋላ መሃል መሃሉ ተከፈተ። አበላሹኝ ማለት ነው?»

አላበላሹሽም። ክፍተቱ ድሮም ነበር፤ ቆሻሻው ሞልቶት ነው። ያበጠው ድድ ሲቀንስም ክፍተቱ ጎልቶ ይታያል። እኔም ካሳጠብኩ በኋላ ሳምንት ሙሉ ምላሴ እዚያው ቀዳዳ ላይ ስትመላለስ ነው የከረመችው።

የእናቷ ስኳር በመድኃኒት አልወርድ ያለባት፣ ድዳቸውም መግል የሚይዝባት ልጅ ሁለቱ ይገናኙ እንደሆነ ትጠይቃለች።

በደንብ ይገናኛሉ። ስኳር ከፍ ሲል ድድ ይጎዳል፤ የታመመ ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ያደርገዋል። ለሁለቱም ሐኪሞች ይነገራቸው።

«ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ድዴ አበጠ። ጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይቻላል?»

ይቻላል፣ ሂጂ። እርጉዝ መሆንሽን ብቻ ቀድመሽ ንገሪ።

የመጨረሻው ጠያቂ አንድ ጉንጩ አብጧል፣ ያተኩሰዋል፣ ከትናንት ጀምሮ አፉን መክፈትና ምራቁን መዋጥ አቅቶታል። «መልስህን በሚቀጥለው እትም እጠብቃለሁ» ይላል።

ምን ብሎ ነው የሚጠብቀው! ይህ የአምድ ጥያቄ አይደለም፣ ኢንፌክሽኑ ወደ አንገት ወርዶ መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል። ደብዳቤውን እንዳነበብኩ «አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ» ብዬ ጻፍኩለት። እዚህ ያወጣሁት እንደሱ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ካለ ብዬ ነው።